ዘንድሮ ባሕር እንሄዳለን

መስከረም 4 ቀን 1961፣ ቅዳሜ፣ ቡታጅራ

ዝናቡ ቆመ። ቢሮ እስከ ቀትር ብቻ። ክረምቱን የሻገቱትን ፋይሎች ከመዝገብ ቤቱ አውጥተን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ስናሰጣ ቆየን፣ እኔና የግቢው ዘበኛ። ወረቀት እንደ በርበሬ ይሰጣል? አሰጣነው።

ስመለስ ሐጂ ሸምሶ ሱቅ ጎራ ብዬ ይኼን ደብተር ገዛሁ። ሐጂ ጎረቤታችን ናቸው። ግድግዳቸው ላይ ያ የቀን መቁጠሪያ አሁንም አለ። ዓመቱ ካለፈ ስንት ጊዜው… ለሥዕሉ ብለው አላወረዱትም። ነጭ መርከብ፣ ከኋላው ሰማይ፣ ከሥሩ ሌላ ሰማይ። ቆሜ ሳየው ስኳር ልትገዛ የመጣች ሴት ገፋ አድርጋኝ አለፈች።

ዘንድሮ አልኩ። በቃ፣ ዘንድሮ።

ቤት ስገባ ሚስቴ አደይ የመስቀል ቅቤ ታነጥራለች።

«ዘንድሮ ባሕር እንሄዳለን» አልኳት።

«እህ።»

«በመኪና አሰብ። ከአሰብ መርከብ ይዘን ምጽዋ። ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ላይ! ከዚያ አስመራን አይተን በአውቶብስ ወደ ቤት።»

«ያንን ማሰሮ አቀብለኝ።»

አቀበልኳት።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

አንድ ፋይል ስፈልግ ቆይቼ የምፈልገው ምን እንደነበር ጠፋኝ። መደርደሪያው ፊት ቆሜ ውሃ ነበር የማየው። እስከ ሰማይ ጫፍ ውሃ። አይቼው የማላውቀውን ነገር እንዴት ነው የምናፍቀው?

መስከረም 18፣ ቅዳሜ

መስቀል ዓርብ ስለዋለ ክትፎው ለዛሬ ቀረ። ቤቱ ሞላ። ልጆቻችንም ከአዲስ አበባ መጡ፣ የአደይ ወንድም ፈቃደም መጣ። መርካቶ ጨርቅ ይሸጣል። ሁሉን ነገር ያውቃል።

ጉዞውን ሳነሳ ጣባውን አስቀመጠ።

«ሰው እረፍት ሲወጣ አገሩ ይገባል እንጂ ውሃ ላይ ይወጣል? መዝናናት ከሆነ ሶደሬ አለ። ፍል ውሃ ነው፣ እግርህ መሬት ይነካል።»

«መርከብ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ስማኝ። መርከብ ቀን አያከብርም። ሐሙስ ይነሳል ካሉህ ዓርብ ነው፣ ምናልባትም ቅዳሜ። ዕቃ ከውጭ ስናስመጣ እናውቀዋለን። ፈቃድህን በልኩ እንዳትወስድ። አምስት ቀን ትርፍ ያዝ።»

ይኼኛው ምክር ደህና ነው። ጻፍኩት። ልጆቹ ሳቁብኝ፣ አባባ ደግሞ ባሕሩን ጀመረ ብለው። አደይ አልሳቀችም። ቆጮ ስትቆርስ ነበር። ምነው ብትስቅ ኖሮ…

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ሐጂ ሸምሶ ዘንድ ከሰዓቱን በሙሉ ተቀመጥኩ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ለሐጅ ሲሄዱ ከምጽዋ በመርከብ ነው የተሻገሩት። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጡ ነገሩኝ። እንዳልረሳ፦

ባዶ ሆድ አትሳፈር፣ ጠግበህም አትሳፈር። ቅባት አትብላ። ሎሚ ያዝ፣ ሲያጥወለውልህ ልጡን አሽትተው። ከታች፣ ከሞተሩ አጠገብ አትተኛ፣ የዘይቱ ሽታ ከውሃው ይብሳል። ጫፍ ላይም አትተኛ፣ ጫፉ ይወጣል ይወርዳል፣ መሐሉ ይሻላል። ወደ ሥር ውሃውን አትይ። ራቅ አድርገህ፣ ሰማይና ውሃ የሚገናኙበትን እይ። ማሰሪያ ያለው ጫማ አታድርግ፣ ጎንበስ ስትል ነው የሚጀምርህ።

«ባሕሩስ ሐጂ? ባሕሩ ራሱ እንዴት ነበር?»

ሚዛኑን ጠረጉ።

«እኔ እኮ ወደ አላህ ቤት ነበር የምሄደው። ልቤ እዚያ ነበር። ባሕሩን ደህና አድርጌ አላየሁትም።» ጨርቁን አስቀምጠው፣ «አሁን አሁን ይቆጨኛል» አሉ።

ቤት እስክደርስ ይኼ ቃል አልለቀቀኝም። ባሕር ላይ ሆኖ ባሕሩን አለማየት!

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ደበሌ መጣ። የአደይ የአክስት ልጅ ነው፣ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር። ክንዱ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ከሌላው ይጠቁራል።

«መቼ ነው የምትሄዱት?»

«ጥር።»

«ጎሽ። ሰኔ ብትለኝ አልወስድህም ነበር። አሰብ በክረምት እሳት ነው። ጥርና የካቲት ሰው ይተነፍሳል።» ከዚያ ስለ ክፍል ነገረኝ። «ወደ ምጽዋ ስትሄድ የከሰዓት ፀሐይ በግራ ናት። በቀኝ ያለውን ክፍል ጠይቅ፣ ካልሆነ ትጋገራለህ። ግን መሬት የሚታየው በግራ ነው። አንዳንድ ሰው መሬት ካላየ ይጨንቀዋል።»

«በቀኝ ምንድን ነው የሚታየው?»

«ምንም።»

ምንም! ይኼንን ነው የምፈልገው።

ቀጥሎ ያለውን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። የስዊዝ ቦይ በአረብና እስራኤል ጦርነት ከተዘጋ ወዲህ ትልልቆቹ ነጫጭ የመንገደኛ መርከቦች አይመጡም አለ። ያለው ጭነትም ሰውም አንድ ላይ የሚይዝ ነው። «ፍየልም ልታገኝ ትችላለህ። ደግ ፍየል ከክፉ ሰው ይሻላል» ብሎ ሳቀ።

ፍየል… ያው ፍየልም ባሕር ካየ ይየው።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደይን ጠየቅኋት። «ቀኝ ይሻልሻል ግራ?»

«የትኛውም። አትሄድም እኮ።»

«ዘንድሮ ቁርጥ ነው።»

የምትለቅመውን ምስር አስቀመጠችና በጣቷ ቆጠረች። «በሃምሳ ዓመተ ምሕረት ነው የጀመርከው። ያኔ ቤት እየሠራን ነው ብለህ ተውከው። ከዚያ ትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ መንገዱን ጎርፍ በላው። ከዚያ አንተን ወገብህን አመመህ። አምና ስዊዝ ተዘጋ አልክ። አሰብንና ምጽዋን ከስዊዝ ምን አገናኛቸው? እኔ ካርታ አላውቅም፣ ግን ደበሌን ጠይቄዋለሁ።»

 ምስሯን ቀጠለች። አላዘነችም፣ አልተቆጣችም። ዝናብ ይመጣል አይመጣም እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው። እሱ ነው የከፋኝ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ለመርከብ ወኪሉ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ሰው፣ በቀኝ በኩል፣ መሐል አካባቢ፣ ከሞተሩ የራቀ። ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት። ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ስጥለው ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ ሆዴን ቆረጠኝ። ቆጮው ይሆናል።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

መልስ መጣ! ሁለት አልጋ፣ በቀኝ በኩል። ከአሰብ የሚነሳው ጥር 29። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ድረሱ ይላል። ማኅተም አለው። እንደ ክርስትና ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ በደረቴ በኩል እየነካሁት ዋልኩ። ደስታ ነው ይኼ? ደስታ እንዲህ ያልባል?

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

የፈቃድ ማመልከቻ አስገባሁ። ዋና ጸሐፊው ይከለክለኛል ብዬ ነበር። ጥር ሥራ የሚበዛበት ወር ነው፣ መዝገብ ቤቱን ያለ እኔ ማንም አያውቀውም… መልሱን ሁሉ አዘጋጅቼ ገባሁ። ቀና ሳይል ፈረመ። «በዘጠኝ ዓመት መጀመሪያህ ነው፣ ሂድ ተዝናና» አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ምነው ትንሽ እንኳ ቢከራከረኝ?

ታኅሣሥ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ እራት ላይ አደይ ጠየቀችኝ።

«መርከብ ላይ ሴቶች የሚታጠቡት የት ነው?»

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። አላውቅም። ሐጂንም አልጠየቅኩ፣ ደበሌንም አልጠየቅኩ። ስለ ፀሐይ ጠይቄያለሁ፣ ስለ መስኮት ጠይቄያለሁ። እሷ የት እንደምትታጠብ አንድ ቀን አላሰብኩም።

«አጣራለሁ» አልኳት።

«ሰፍያ ልጇን ጠይቃ መልሱን በደብዳቤ ታስመጣልኛለች» አለች። ሰፍያ የሐጂ ሸምሶ እህት ናት። ልጇ ምጽዋ ተድራ ወደብ ከሚሠራ ሰው ጋር ትኖራለች። ሁለቱ ሰሞኑን አብረው ይውላሉ። ቀትር ላይ ትምህርት ቤቱ ለእናቶች ፊደል ያስቆጥራል፣ እዚያም ይሄዳሉ። ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም።

ሰማያዊ ጨርቅ አልጋው ላይ ተጣጥፎ አየሁ። ግማሹ ተሰፍቷል።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሕልም። ባሕሩ ቡታጅራ መጥቷል። ገበያው ላይ በዝግታ ገብቶ የሐጂን ሱቅ ደረጃ ይነካል። ማንም አይሮጥም፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይገበያያሉ። ዘቢዳር ተራራ ደሴት ሆኗል፣ አናቱ ላይ ያሉት የእንሰት ቅጠሎች እንደ ሸራ ይነፋሉ። እኔ ቢሮው ደጃፍ ቆሜ ውሃው እስኪደርስልኝ እጠብቃለሁ። ቁርጭምጭሚቴ ጋ ሲደርስ ነቃሁ።

ለአደይ ነገርኳት። «ሞቆ ነበር ቀዝቅዞ?» አለችኝ። አላስታወስኩም።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

እናቴ ወደቀች።

ከጥምቀት መልስ፣ ሰፈሯ አጠገብ ካለው ቁልቁለት ላይ። በቃሬዛ ተሸክመው ከተራራው ሥር እስከ እኛ ቤት አመጧት፣ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ። ወጌሻው ዳሌዋን ዳሰሰ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች። አልተሰበረም፣ ተሰንጥቋል ይላል። ሁለት ወር እንዳትነቃነቅ፣ የሚያገላብጣት ሰው ከአጠገቧ እንዳይለይ።

«ሁለት ወር» ሲል… እዚህ ብቻ ነው የምጽፈው። ሁለት ወር ሲል እፎይ አልኩ። ከደረቴ አንድ ነገር ወረደልኝ። የገዛ እናቴ ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ እኔ ደጅ ወጥቼ እንደ ተፈታ ሰው ተነፈስኩ።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 14፣ ረቡዕ

አደይ ጧት ገንፎ ስታገነፋ፦

«አንተ ሂድ። እማማን እኔ እጠብቃቸዋለሁ።»

«እንዴት ብዬ? እናቴ እኮ ናት።»

«አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ነው። ሴት ለሴት ይሻላል። ሂድ።»

«አይሆንም። ለከርሞ ይደርሳል።»

ማማሰያውን አቆመች። አየችኝ። 

«አውቄ ነበር» አለች።

ምን ማለትሽ ነው አላልኩም፣ ገብቶኛል። ገንፎው ከሥሩ መያዝ ጀመረ። ሽታው ሲመጣ ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም። ከዚያ አፌ ራሱ ተናገረ።

«አንቺ ሂጂ።»

«ምን?»

«አንቺ ሂጂ። አልጋው ሁለት ነው። ሰፍያን ይዘሽ ሂጂ፣ ልጇንም ታያለች። ደበሌ ያደርሳችኋል። እናቴን እኔ አገላብጣለሁ፣ ፈቃዴም ተፈርሟል።»

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ተወች። ድስቱን አውርዳ ወደ ጓሮ ወጣች፣ እስከ ቀትር አልተመለሰችም። ሰፍያ ቤት ነበረች።

ጥር 16፣ ዓርብ

ሐጂ መጡ። እህታቸውን ለማስፈቀድ መሄድ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፣ እሳቸው ቀደሙኝ።

«ወልደማርያም፣ እውነት ነው የሰማሁት?»

«እውነት ነው ሐጂ።»

«ሁለት ሴት ብቻቸውን… ሰው ምን ይላል አላልክም?»

«ምን ይላል?»

ጢማቸውን ዳሰሱ። «የሚለውን ይላል። ሰፍያ ልጇን ካየች አራት ዓመቷ ነው፣ እኔም አደርስሻለሁ ስል ስል ነው የኖርኩት።» ከዚያ ወደ ጓዳ ጮኽ ብለው፣ «አደይ! መሐል ላይ ተኙ፣ ጫፍ ላይ እንዳትተኙ!» አሉ።

ጥር 21፣ ረቡዕ

ሄዱ። የአዲስ አበባው አውቶብስ በጧት ነው የሚነሳው። ደበሌ ቅዳሜ ከዚያ ይወስዳቸዋል። አደይ ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ስንት ዓመት አብረን ኖረን አንድም ቀን በአውቶብስ መስኮት በኩል አይቻት አላውቅም። ሌላ ሴት ትመስላለች። ሎሚውን በከረጢት ሰጠኋት። የጻፍኩትን ምክር ሁሉ አራት ገጽ ሰጠኋት።

«ይኼንን ማን ያነብልኛል ብለህ ነው?» አለች። ፈገግታዋ ግን አልገባኝም።

አቧራው እስኪበርድ ቆምኩ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ይነሳል። በስንት ሰዓት ይሆን? እናቴን አገላበጥኳት፣ ጀርባዋን በቅቤ አሸሁ። ልጅ ሆኜ እሷ እንዲህ ታሸኝ ነበር።

«አደይ የት ናት?» አለችኝ። በየቀኑ ትጠይቃለች።

«ባሕር ሄደች።»

«ውሃ ልትቀዳ?»

«አይደለም። ልታይ።»

ትንሽ አሰበች። «ጎሽ» አለች። «እኔም ብሆን አይ ነበር።»

ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚህ ተራራ ሥር ወጥታ አታውቅም። ባሕር ማየት ትፈልጊያለሽ ብዬ እሷንም አልጠየቅኳትም ነበር። ስለ ባሕር ሳወራ የኖርኩት ለማን ነው?

የካቲት 3፣ ሰኞ

ገንፎ አቃጠልኩ። ልብስ አጠብኩ። ደመናው ዛሬ ዝቅ ብሎ ሜዳውን ሸፍኖት ነበር፣ ከደጃፌ ሳየው የተኛ ውሃ ይመስላል። አደይ አሁን ምን እያየች ይሆን? ከእኔ ሕልም ጋር ይመሳሰል ይሆን?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ደብዳቤ።

ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት አላወቅሁትም። ትልልቅ ፊደል፣ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ ስሜ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ተደግሟል። ሰፍያ ልጅ አስጽፋ ይሆናል ብዬ ከፈትኩት። አይደለም፣ የአደይ ነው። በገዛ እጇ የጻፈችው። ቀትር ቀትር ፊደል ትቆጥር የነበረው… እኔ ምን መስሎኝ ነበር?

እዚህ ልገልብጠው፦

«ለወልደማርያም። እንዴት ነህ። እማማ እንዴት ናቸው። እኔና ሰፍያ ደህና ነን። መርከቡ ነጭ አይደለም፣ አመድማ ነው። ፍየል የለም፣ ጨው አለ። ሐሙስ ይነሳል ብለው ዓርብ ተነሳ፣ ፈቃደ እውነቱን ነው። ሎሚው ለሰፍያ ሠራላት፣ ለእኔ አልሠራም። ለእኔ ደረቅ ቆሎ ነው የሠራልኝ። በቀኝ ያለው ክፍል ደህና ነው፣ ግን ክፍል ውስጥ ማንም አይቀመጥም። ሁሉ ሰው ደጅ ነው። ሴቶች የሚታጠቡት ከኋላ በኩል ነው፣ በር አለው መቀርቀሪያ የለውም፣ አንዷ ስትታጠብ አንዷ ትቆማለች። ወፍራም ነጠላ ያስፈልጋል፣ ነፋሱን ማንም አልነገረንም። በሁለተኛው ቀን ጧት ብቻዬን ወጣሁ። በየትም በኩል መሬት የለም። እፈራለሁ ብዬ ነበር። አልፈራሁም። ትልልቅ ዓሦች ከመርከቡ እኩል እየዘለሉ ሮጡ፣ ሳቅሁ። ከዚያ በአንተ ተናደድኩ። ይኼ ሁሉ ውሃ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ነበር። አደይ።»

ለእናቴ አነበብኩላት። «በአንተ ተናደድኩ» የሚለውን ልዘለው አስቤ ነበር። አልዘለልኩትም። እናቴ ራሷን ነቀነቀች። በማን ላይ እንደሆነ አልተናገረችም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

መጣች። ምጽዋ ሰፍያ ልጅ ዘንድ ሲቆዩ ወር አልፏቸው፣ እኔም ፈቃዴን አስረዝሜ ነበር። ጠቁራለች። ድምፅዋ ከፍ ብሏል፣ መርከብ ላይ ነፋሱ ስለሚወስደው እየጮኹ ነው የሚያወሩት አለች። መጀመሪያ እናቴ ዘንድ ገባች፣ ጀርባዋን አየች፣ ቁስል የለም።

«ደህና ጠብቀሃቸዋል» አለችኝ።

ከረጢቷን ተቀብዬ ወደ ጓዳ አስገባሁላት። 

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አደይ ከመጣች ወዲህ ከቤታችን ሰው አይጠፋም። ዛሬ ብርሃኔ የሚባለው ወጣት አስተማሪ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ያገባል፣ ሙሽራይቱን ምጽዋ ሊወስዳት አስቧል። እኔን መሰለኝ የሚጠይቀው፣ ወንበር ሳብኩ።

«እትዬ አደይን ነበር» አለ።

ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። እንዲህ እያለች ነው፦

«በግንቦት? ተው። በግንቦት ሄደህ ልጅቷን ልታከሳት ነው? ኅዳር ድረስ ታገሥ። ስትሄዱ ሻንጣ አታብዛ፣ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ተሸክመህ ትወጣዋለህ። የምትበሉትን ከቤት ያዙ፣ ዳቦ ቆሎ፣ እዚያ ያለው ሩዝና ዓሣ ነው፣ ካልለመደችው ይከብዳታል። ደግሞ ይኼን ስማኝ፦ አንተ ስለ መርከቡ ስታስረዳት እንዳትውል። ተዋት ትይ።»

ሳቁ። እኔ ጓዳ ውስጥ የቡና ስኒ ይዤ ቆሜያለሁ። ቀናሁ? ቀንቻለሁ። በሚስቴ ቀናሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሰበሰብኩት ነገር፣ እሷ በሁለት ቀን…

መጋቢት 14፣ እሑድ

ነገርኳት። ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጠን ነበር።

«እናቴ የወደቀች ቀን እፎይ ብዬ ነበር።»

ዝም።

«ፈርቼ ነበር። በየዓመቱ። ቤቱም ሰበብ ነበር፣ ወገቤም፣ ስዊዝም።»

«መፍራትህን አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እፎይ ማለትህን አላውቅም ነበር። እማማ እያቃሰቱ?»

«አዎ።»

ተነስታ ገባች።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሦስተኛ ቀን፣ አታናግረኝም። ምሳ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች። ባልናገር ይሻል ነበር? አላውቅም። እናቴ ስታየን ቆየችና «ተጣላችሁ?» አለች። «አዎ» አልኳት። «ደህና ነው» አለች። ደህና ነው ስትል ምን ማለቷ ነው?

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አደይ ከስግደት ስትመለስ ደጁ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጠላዋን አላወረደችም።

«ምንድን ነው የሚያስፈራህ? ውሃው ነው?»

«ውሃው አይደለም።» ፈለግሁት። እውነቱን ፈለግሁት። «እንደማስበው ባይሆንስ? እስካሁን የኔ ነው። ሄጄ ባየው… የሚቀረኝ ምንድን ነው?»

«እንደምታስበው አይሆንም» አለች ወዲያው። «ለእኔም እንዳሰብኩት አልሆነም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? እኔ አልነግርህም። ከነገርኩህ በኔ ወሬ ላይ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ትተኛለህ።»

ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። ከዚያ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

እናቴ በምርኩዝ እስከ ሐጂ ሱቅ ደርሳ ተመለሰች። ጎረቤቱ እልል አለ።

ኅዳር 11 ቀን 1962፣ ሐሙስ

አደይ ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ እየጻፈች አገኘኋት። ለመርከብ ወኪሉ። በትከሻዋ በኩል አየሁ፦ «ሁለት አልጋ፣ የትም ይሁን።»

«በቀኝ በኩል በይው እንጂ» አልኳት።

«የትም ይሁን ነው ያልኩት።»

ሆዴን ቆረጠኝ። ዘንድሮ ቆጮው ነው አላልኩም።

ጥር 26 ቀን 1962፣ ማክሰኞ፣ አሰብ

እናቴ ልጆቻችን ጋ አዲስ አበባ ናት። ሐጂ መሐል ላይ ተኙ ብለው እስከ አውቶብሱ ሸኙን። ደበሌ አደረሰን።

እንዲህ ነው እንግዲህ… ሽታው። ስለ ሽታው ማንም አልነገረኝም። ዓሣ፣ ዘይት፣ ጨው፣ አንድ ላይ። ውሃው ወደቡ አጠገብ አረንጓዴ ነው፣ የሐብሐብ ልጣጭ ተንሳፍፎበታል። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። ጠበቅሁ፣ ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ምንም አልመጣም።

መርከቡ ሦስት ሰዓት ዘገየ። ጭነቱ አላለቀም። በኋላ ተሳፈሩ ሲሉን ወደ ኋላ ቀረሁ። «አደይ፣ እኔ እዚህ ብጠብቅሽስ? ደበሌ ጋ…»

አልተቆጣችም፣ አልለመነችኝም። ከረጢቷን አነሳች። ጠባቡን መሰላል በአንድ እጇ ይዛ ወጣች። ዞር ብላ አላየችኝም። መርከበኛው ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ ሰዓቱ።

ቆምኩ። ለምን ያህል ጊዜ? ከኋላዬ ያለ ሰውዬ ዶሮ ይዟል፣ ዶሮዋ ጀርባዬን ነቆረችኝ። «ትሄዳለህ ትቆማለህ?» አለኝ።

ወጣሁ።

ጥር 27፣ ረቡዕ፣ መርከቡ ላይ

ሌሊቱን ሲያስመልሰኝ አደረ። ሎሚውም ቆሎውም አልሠራልኝም። ጧት አደይ ፊቴን አጠበችልኝና ክንዴን ይዛ ወደ ላይ አወጣችኝ። አንድ የገመድ ክምር ላይ አስቀምጣኝ ሄደች፣ ከአንዲት የምጽዋ ሴት ጋር ስታወራ ይሰማኛል። ስለ ነፋሱ ነው።

ቀና ብዬ አላየሁም ገና። ዓይኔን ደብተሩ ላይ ነው ያደረግሁት። መርከቡ ስለሚወዛወዝ ፊደሉ አያምርም። ብርሃኑ ግን በወረቀቱ ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል… ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ትንሽ ይቆየኝ ብዬ…

አደይ ከወዲያ እየጠራችኝ ነው። ተወው እሱን፣ ና እይ እያለች።

ልሂድ።